አማርኛውን ያስቀድሙ፦ ለጣና ዳር ታፔላ የሚሆን ንጹህ ፊደል

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይኼ ነው። አንዲት የባሕር ዳር ነዋሪ ከወንድማቸው ጋር ሆነው ጣና ዳር ትንሽ የዓሣ ቤት ሊከፍቱ ነው። እዚያው ጎን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ለሚሄዱ እንግዶች የጀልባ ትኬት ይሸጣሉ። ግራፊክስ የሚሠራላቸው ልጅ የቤቱን ስም በሁለት ቋንቋ አዘጋጅቶ አመጣ። እንግሊዝኛው ፉቱራ በሚባለው ፎንት ነው፤ ክብ ክብ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ጭራ የሌለው። አማርኛውን ደግሞ እሱን እንዲመስል ብሎ ራሱ በክብና በመስመር ሠራው። እሳቸው ወደዱት። እናታቸው ግን «ጣና» የሚለውን «ጠና» ብለው አነበቡት። ጥያቄያቸው እንዲህ ይላል፦ «ይህ ዓይነቱ ፎንት እንዴት ነው የሚሠራው? ለአማርኛስ ይሆናል ወይ? ለታፔላው፣ ለጀልባው፣ ለሜኑውና ለስልክ ገጻችን አንዱን ብቻ ብንጠቀም ችግር አለው?»

እህቴ፣ እናትዎ ትክክል ናቸው። የላኩትን ምስል አይቼዋለሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ እጁም ንጹህ ነው። ነገር ግን የ«ጣ»ን ሦስት እግሮች አንድ መስመር ላይ አቁሟቸዋል። «ጣ» ራብዕ ነው። ቀኝ እግሩ መርዘም አለበት፣ ሌሎቹ ማጠር አለባቸው። ሦስቱ እኩል ከሆኑ ፊደሉ «ጠ» ነው፤ አለቀ። እናትዎ የተጻፈውን ነው ያነበቡት። እርስዎና ወንድምዎ ስሙን አስቀድማችሁ ስለምታውቁት ነው «ጣና» ሆኖ የታያችሁ።

ስለዚህ አጭሩ መልሴ ይህ ነው። ጂኦሜትሪክ ፊደል ለቤትዎ ስም ይሆናል፤ ያምራልም። ነገር ግን አማርኛው መጀመሪያ ይሠራ፣ እንግሊዝኛው ከዚያ ይመረጥለት። አሁን የተደረገው ተገላቢጦሽ ነው። ለሜኑውና ለስልኩ ደግሞ ሌላ ፎንት ያስፈልግዎታል። ረጅሙን መልስ ለሚፈልጉ፣ በተለይ ለዲዛይነሩ፣ ከዚህ በታች ዘርዘር አድርጌ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ ፉቱራ ምን እንደሆነ። ሰሪፍ የሚባለው በላቲን ፊደል ጫፍ ላይ የምትወጣው ትንሽ ጭራ ናት። ያቺ ጭራ የሌለችበት ፊደል ሳንስ ሰሪፍ ይባላል። ከሳንስ ሰሪፎች መካከል ደግሞ ቅርጹ ከክብ፣ ከሦስት ማዕዘንና ከቀጥታ መስመር የተነሣው ጂኦሜትሪክ ይባላል። ፉቱራን የነደፈው ፓውል ሬነር የተባለ ጀርመናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1927 ፍራንክፈርት የነበረው ባወር የተባለ የማተሚያ ፊደል አምራች ለገበያ አወጣው። ያኔ ጀርመን ውስጥ ብዙ መጽሐፍ የሚታተመው በጥቁርና በተጠማዘዘ የብዕር ፊደል ነበር። ሬነር የብዕሩን ዱካ ማጥፋት ፈለገ። ለማሽን ዘመን የማሽን ዘመን ፊደል ይገባል ከሚሉት ወገን ነበር። ፉቱራ ዓለምን አዳረሰ። እ.ኤ.አ. በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ትታው የመጣችው ሰሌዳ እንኳ በፉቱራ ነው የተጻፈው።

ከዚያ በኋላ ዘመዶቹ ብዙ ናቸው። አድሪያን ፍሩቲገር እ.ኤ.አ. በ1988 አቬኒርን አወጣ፤ ጠርዙ ለስለስ ያለ፣ ለንባብ የሚመች ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የመጣው ጎታም የኒው ዮርክ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ከነበሩ ጽሑፎች ተነሣ። ሞንሴራት የተባለውን ደግሞ ሁሊየታ ኡላኖቭስኪ የቦነስ አይረስ ሰፈሯ ውስጥ ካየቻቸው የድሮ ታፔላዎች ተነሥታ ሠራችው። ይህ የመጨረሻው ታሪክ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። አንድ ሰው የሰፈሩን ታፔላ በትኩረት ቢያይ ዓለም የሚጠቀምበት ፊደል ሊያወጣ ይችላል ማለት ነው። የኛን ከተማ ልጆችም የሚከለክላቸው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ጂኦሜትሪክ ፊደል በኮምፓስና በማስመሪያ ብቻ የሚሠራ ይመስለዋል። የእርስዎም ዲዛይነር እንደዚያ ነው ያደረገው፤ አንድ ክብ ሠርቶ ደጋግሞ ለጥፎታል። ፉቱራን ግን አጉልታችሁ ብታዩት በንጹሕ ሒሳብ ብቻ የተሠራ እንዳልሆነ ታያላችሁ። ክቡ ፊደል ከጎኑ ካለው ቀጥ ያለ ፊደል ጋር በማስመሪያ እኩል ከሆነ ለዓይን አንሶ ይታያል። ስለዚህ ከላይም ከታችም ከመስመሩ ትንሽ እንዲያልፍ ይደረጋል። የአግድሙ መስመር ከቋሚው ጋር እኩል ከወፈረ ለዓይን የበለጠ ወፍራም ይመስላል። ስለዚህ ትንሽ ይሳሳል። ክቡ ከቋሚው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ጥቁረት ይጠራቀማል። እዚያም መስመሩ ቀጠን ይላል። እነዚህ ሁሉ ተራ አንባቢ የማያስተውላቸው ማስተካከያዎች ናቸው። ባይኖሩ ግን ወዲያው ደስ የማይል ነገር ይሰማዋል፤ ምን እንደሆነ አይነግርዎትም እንጂ።

ሬነር ራሱ መጀመሪያ ላይ በጣም ርቆ ሄዶ ነበር። በመጀመሪያ ንድፎቹ ላይ ትንሿን «አር» አንድ ቋሚ እንጨትና አንዲት ነጥብ አድርጓት ነበር። ሐሳቡ ንጹህ ነው፤ ለማንበብ ግን አስቸጋሪ ነው። ለገበያ በወጣው ዋናው ፊደል ላይ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ቅርጾች ቀርተው የተለመዱት ገቡ። ለዲዛይነሩ የምነግረው ይህንን ነው። ክብና መስመር መነሻ ናቸው፤ ዳኛው ግን ዓይን ነው።

አማርኛ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። መልካም ዜናው ፊደላችን በአጥንቱ ጂኦሜትሪ ያለው መሆኑ ነው። «ዐ» ክብ ነው። «ፀ» ክብ ሆኖ በመካከሉ መስመር ያለው ነው። «ቀ» ክብና ቋሚ ነው። «ሀ» ከታች የዞረ፣ ከላይ የተከፈተ ነው። «ለ» ሁለት እግር ነው። የዓሣ ቤት ነውና «ዓሣ» የሚለውን ቃል ይውሰዱ። «ዓ» ክብ ላይ እግር ሲጨመር ነው። እንዲህ ያለ ቃል በጂኦሜትሪክ አሠራር በጣም ያምራል። ማንም ዲዛይነር ይህን ሲያይ ቢጓጓ አልፈርድበትም።

ችግሩ የሚመጣው ከእርባታው ነው። የላቲን ዲዛይነር ትልቁንና ትንሹን ደምሮ 52 ፊደል ይሠራል። እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። እኛ ጋ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ «ሟ» እና «ቧ»ን የመሳሰሉት ሳይቆጠሩ። ሰባቱ ወንድማማቾች ደግሞ የሚለዩት በትንሽ ነገር ነው። ካዕብ ወገቡ ላይ በምትወጣ ሰረዝ። ሣልስ እግሩ ላይ በምትወጣ ሰረዝ። ራብዕ ብዙ ጊዜ ቀኝ እግሩ በመርዘሙ። ኃምስ እግሩ ላይ ባለች ቀለበት። ሳድስ እንደየፊደሉ ይለያያል። ሳብዕ ብዙ ጊዜ ግራ እግሩ በመርዘሙ። የጂኦሜትሪክ ፊደል ውበት ደግሞ ከምን ይመጣል? ሁሉን ከማመሳሰል። አንድ ክብ፣ አንድ ውፍረት፣ አንድ ቁመት። እንግዲህ ይህ ውበት በቀጥታ የሚመታው የኛን መለያ ነው። ልጁ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። እግሮቹን ሲያመሳስል ራብዑን ግዕዝ አደረገው።

ሜኑዎ ላይ ምን ሊሆን እንደሚችል ልንገርዎ። «ኬክ» ላይ ያለችው ቀለበት በጣም ትንሽ ከሆነች ወይም በቀለም ከተሞላች ሰረዝ ትመስላለች። ያኔ «ኪክ» ሆነ። «ቢራ» ላይ ሰረዟ ድቡልቡል ጫፍ ካላት ደግሞ «ቤራ» ይሆናል። «ሻይ» ላይ የአናቱ መስመር ከሳሳ «ሳይ» ይሆናል። «ነ» እና «ኘ»፣ «ደ» እና «ጀ»፣ «ተ» እና «ቸ»፣ «ጠ» እና «ጨ» ሁሉም እንዲሁ በትንሽ ምልክት የሚለያዩ ናቸው። ንጹህ ይሁን ተብሎ ምልክት ሲቀነስ መጀመሪያ የሚሄዱት እነዚህ ናቸው። መቀነስ የሚቻለው ጌጡ ብቻ ነው። ምልክቱ ጌጥ አይደለም።

ታዲያ እንዴት ይሠራ? የቤትዎ ስም ጥቂት ፊደል ብቻ ስለሆነ ሙሉ ፎንት መሥራት አያስፈልግም። ልጁ እነዚያኑ ፊደላት በደንብ ይሣላቸው። «ጣ» ላይ ቀኙ እግር ሙሉውን ይውረድ። ግራና መካከለኛው በፊደሉ ቁመት ሩብ ያህል አጭር ይሁኑ። እኔ ከሩብ በታች ሆኖ ከሩቅ የተለየ ሲታይ አላየሁም። «ና» ላይ የእግሩ እጥፋት በግልጽ ይታይ። እጥፋቱን ወደ ንጹሕ የክብ ቁራጭ መለወጥ ይቻላል፤ እዚህ ላይ ነው ጂኦሜትሪው ሥራውን የሚሠራው። ሦስት እግር ያላቸው ፊደላት፣ እንደ «ጠ»ና «ሐ» ያሉት፣ ከሁለት እግሮቹ ሰፋ ይበሉ። መስመራቸውም ከሌሎቹ በጥቂቱ ይሳሳ። አለበለዚያ ቃሉ መካከል ጥቁር ነጠብጣብ የተደፋ ይመስላል። ልጁ አሁን ሁሉንም ፊደል በእኩል ስፋት ሳጥን ውስጥ አስገብቷል። ለዚያ ነው «ጣ» የተጨናነቀው፣ ከጎኑ ያለውም «ና» የተንጣለለው።

ለዚህ ሥራ የተሻለ አስተማሪ የትም መሄድ አያስፈልግም፤ ማዶ ነው ያለው። ዲዛይነሩን አንድ ቀን ጀልባ ላይ ያሳፍሩትና ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይውሰዱት። እዚያ ያሉትን የብራና መጻሕፍት ይይ። ጸሐፊው በመቃ ብዕር ሲጽፍ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ይወፍራል፣ አገናኙ ይቀጥናል። በዘመናዊው ፊደል ይህ ውፍረትና ቅጥነት ይቀራል፤ ይቅር። ልጁ እንዲያይ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። በፊደሉ ሆድ ውስጥ ያለው ነጭና በፊደልና በፊደል መካከል ያለው ነጭ እንዴት እንደሚመጣጠን ይይ። አንድ ገጽ ሙሉ ሲታይ እንደ ተሸመነ ጥለት እኩል የሆነው ለዚህ ነው። ሌላም ነገር ያስተውል። ጸሐፊው አንዱን ራብዕ ከግዕዙ ጋር እንዲምታታ አይተወውም። መጽሐፉ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነውና አንባቢው መሰናከል የለበትም። ግዕዝ በብረት ፊደል መታተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ላይ ነው፤ ዳዊት ነበር የታተመው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ይህ ጥንቃቄ ግን አሁንም የሚያስፈልግ ነው።

ብራናው ሌላም የሚያስተምረው አለ። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም። እንግሊዝኛ የሚያጎላውን ቃል በትልቁ ፊደል ይጽፋል። እኛ ያንን ማድረግ አንችልም። የኛ ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፉ ነበር። ማጉላት ሲፈልጉ እርስዎም በቀለም፣ በመጠን ወይም በውፍረት ያጉሉ። ፊደሉን በኮምፒውተር አጋድሞ ኢታሊክ ለማስመሰል አይሞከር። ረጅምና አጭር እግር የሚለየው ፊደል ሲጋደም መለያው ይደበዝዛል።

እንግሊዝኛው አሁን ይምጣ። አማርኛው ካለቀ በኋላ ልጁ ስሙን በፉቱራ፣ በሞንሴራት፣ በፖፒንስና በጆስት ጽፎ ከአማርኛው ሥር ያስቀምጥ። የመስመር ውፍረቱ የሚመሳሰለውን ይምረጥ። አማርኛ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሚሊ ሜትሩ እኩል የሆነ እንግሊዝኛ ከጎኑ የሳሳ ይመስላል። እንደገና ዳኛው ዓይን ነው። እንግሊዝኛው ሁሉ በትልቁ ፊደል ከተጻፈ ቁመቱ ከአማርኛው ቢያጥር ይሻላል። ጣና ዳር የሚያልፈው አብዛኛው ሰው የሚያነበው አማርኛውን ነውና እሱ ይቅደም፣ እሱ ይጉላ።

አንድ ነገር ላይ ግን በጣም እለምናለሁ። እንግሊዝኛውን ፊደል ከፊደል አራርቆ መጻፍ ፋሽን ነው። ያምራልም። ልጁ አማርኛውንም እንደዚያው አራርቆታል። ድሮ ቃልን ከቃል የምንለየው በሁለት ነጥብ ነበር። ዛሬ በባዶ ቦታ ብቻ ነው። ፊደሎቹ ሲራራቁ ቃሉ የት እንዳለቀ አይታወቅም። የቤትዎ ስም ሁለት ቃል ነው፤ አሁን ባለበት ሁኔታ አንድ ረጅም ቃል ወይም የተበተነ ፊደል ይመስላል። ማራራቁ ይቅር። ወይም ሁለት ነጥቡን ይመልሱት። በጂኦሜትሪክ ፊደል ላይ ሁለቱ ነጥቦች በጣም ቆንጆ ናቸው።

ታፔላው። መንገድ ዳር ስለሆነ አንባቢዎ እየሄደ ነው የሚያነበው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ባጃጅ 30 ሜትሩን 4 ሴኮንድ ሳይሞላ ይጨርሰዋል። ታፔላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት የተለመደ ግምት አለ፤ ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር የፊደል ቁመት። ለ30 ሜትር 25 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ግምቱ ለላቲን የተነገረ ነው። የኛ ፊደል ቀለበትና ሰረዝ ስላለው ቦታ ካለዎት 30 ሴንቲ ሜትር ያድርጉት። የስልክ ቁጥሩን፣ የፌስቡኩን ስምና «የተለያዩ የዓሣ ምግቦች» የሚለውን ሁሉ ታፔላው ላይ ማጨቅ ይቅር። ስሙና «ዓሣ» የምትለዋ ቃል፣ ከሥር ደግሞ «የጀልባ ትኬት» ይበቃሉ።

የሐይቁን ብርሃን አይርሱ። ጣና ዳር ቀን ላይ ፀሐዩ ከላይም ከውኃውም ይመጣል። የሚያብረቀርቅ ስቲከር ከሆነ በአንዳንድ ሰዓት ጽሑፉ ጨርሶ አይታይም። የማያብረቀርቀውን ይጠይቁ። ጥቁር ሰማያዊ ላይ ነጭ ጽሑፍ መርጠዋል፤ ጥሩ ነው። ነጭ ጽሑፍ በጨለማ መደብ ላይ ከእውነተኛው ውፍረቱ ወፍሮ ይታያል። ስለዚህ መስመሩን ትንሽ ያሳሱት። ማታ ከውስጥ የሚበራ ላይት ቦክስ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑ ስለሚፈስ የ«ፀ»ና የ«ወ» ሆድ ይሞላል። እዚያ ላይ በጣም ደማቁ ቦልድ ጠላት ነው። ከእሱ ቀጠን ያለው ሴሚ ቦልድ ይሻላል።

ጀልባው ላይ ሁለት አማራጭ አለዎት። ስቲከር ከሆነ ሹል ማዕዘኖች ቶሎ ይላጣሉ፤ ውኃ ሲመታቸው ከጫፋቸው ይነሣሉ። ጫፎቹ ትንሽ ድቡልቡል ቢሆኑ ይቆያል። ቀጭን መስመርም እንዲሁ አይበረክትም። ቅርጹን ላስቲክ ላይ ቆርጦ ቀለም መርጨት ከሆነ የተመረጠው ሌላ ችግር አለ። «ዐ»፣ «ፀ»፣ «ወ» እና «ቀ» ዝግ ሆድ አላቸው። ሲቆረጥ የሆዱ ቁራጭ ይወድቃል። ስለዚህ ሆዱን ከውጩ ጋር የምታያይዝ ትንሽ ድልድይ ያስፈልጋል። ይህ እንከን አይደለም። በደንብ ከተሠራ ጂኦሜትሪክ ፊደል ላይ ያምራል፤ ድልድዩን ግን ዲዛይነሩ ያስብበት እንጂ ለቆራጩ አይተውለት። ድልድዩ «ፀ» ላይ ካለው መስመር ጋር ከተምታታ ሌላ ፊደል ይወጣል።

ሜኑውን በቤቱ ስም ፊደል አይሥሩት። ጂኦሜትሪክ ፊደል በላቲንም ቢሆን ለረጅም ንባብ ይደክማል። ቅርጾቹ ስለሚመሳሰሉ ዓይን የሚይዘው ያጣል። ማታ በደብዘዝ ያለ መብራት፣ መነጽሩን ቤቱ የረሳ ሰው ነው ሜኑውን የሚያነበው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ይውሰዱ። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ከስስ እስከ ደማቅ ዘጠኝ ደረጃ ውፍረት ስላላቸው የምግቡን ዓይነት በደማቁ፣ ዝርዝሩን በመካከለኛው መጻፍ ይችላሉ። የብራናውን መንፈስ ከወደዱ አቢሲኒካ የተባለው አለ፤ ለምግብ ዝርዝር ሳይሆን ስለ ገዳማቱ ለሚጽፏት አጭር መግለጫ ቢሆን እመርጣለሁ። መጠኑ ከ12 ነጥብ አይነስ። በመስመርና በመስመር መካከል ሰፋ ያለ ቦታ ይስጡ፤ የኛ ፊደል ሁሉም ከፍ ያለ ስለሆነ ከተጠጋጋ ገጹ ይታፈናል። ዋጋውን በተለመደው አኃዝ ይጻፉ። ዜሮና የእንግሊዝኛው «ኦ» በጂኦሜትሪክ ፎንት ሊምታቱ ስለሚችሉ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል በዚያ ፎንት ለጥፎ እንግዳ ማስቸገር አያስፈልግም።

የስልክ ገጹ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፖፒንስም ሞንሴራትም የአማርኛ ፊደል የላቸውም። ፖፒንስ ከላቲን ሌላ የሕንዶቹን ዴቫናጋሪ ይዟል፤ የኛ ግን የለበትም። ዲዛይነሩ ፎንቱን ፖፒንስ ብሎ አማርኛ ቢጽፍ ስልኩ ዝም ብሎ ሌላ አማርኛ ፎንት ይተካል። በእሱ ኮምፒውተር አንድ ዓይነት፣ በእርስዎ ስልክ ሌላ ዓይነት፣ በእንግዳው ስልክ ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ይመጣል። ስለዚህ ሁለት ፎንት አብሮ መጥቀስ አለበት፤ ለእንግሊዝኛው አንድ፣ ለአማርኛው አንድ። ጽሑፉም በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በሚያውቀው የጋራ የፊደል ኮድ፣ ይሁን። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። አሁንም ግን በድሮዎቹ ፎንቶች የሚጽፉ ማተሚያ ቤቶች አሉ። ወረቀት ላይ ልዩነቱ አይታይም። ስልክ ላይ ግን የላቲን ምልክት ተደርድሮ ይመጣል። ሰው «ባሕር ዳር ዓሣ ቤት» ብሎ ሲፈልግም ገጽዎ አይገኝም።

ይህ የትልልቆቹም ጣጣ ነው። አይኬያ የተባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ድርጅት ለረጅም ዘመን የራሱን ፉቱራ ይጠቀም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ትቶት ቬርዳና ላይ ገባ። ዲዛይነሮች በጣም ተቆጥተው ነበር። ድርጅቱ ግን በወረቀትም በድረ ገጽም፣ በሁሉም አገር አንድ መልክ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ወደ ኖቶ ተሻገረ። ኖቶ አማርኛን ጨምሮ እጅግ ብዙ የዓለም ፊደላትን የያዘ ቤተሰብ ነው። ጥያቄዎ ላይ «አንዱን ብቻ ብንጠቀም» ላሉት የኔ ሐሳብ ከዚህ ይመጣል። ስሙ በተሣለው ፊደል ይሁን፤ ታፔላው፣ ጀልባውና የትኬቱ ራስጌ ላይ ይግባ። የቀረው ሁሉ በኖቶ ይሁን። ሁለት በቂ ነው። ሦስተኛ አይጨምሩ።

ከማሳተምዎ በፊት አንድ ሙከራ ያድርጉ። ርካሽ ነው። ስሙን ወረቀት ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት አድርገው ያትሙትና ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። 3 ሜትር ይራቁ። ታፔላው ከ30 ሜትር የሚታየው በዚህ መጠን ነው። ከዚያ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይጥሩና ጮክ ብሎ ያንብበው። የሚያውቁት ሰዎች አይሆኑም፤ እነሱ የሚያነቡት የሚያውቁትን ነው። ፊደል ገና የቆጠረ ልጅም፣ ዳዊት የደገሙ አዛውንትም፣ መንገደኛ ባጃጅ ነጂም ይኑርበት። አንዱ እንኳ ከተደናቀፈ የትኛው ፊደል ላይ እንደሆነ ጠይቀው ለልጁ ይንገሩት። ቅሬታ መስሎት እንዳይከፋው በርጋታ ያስረዱት፤ ሥራው መሠረቱ ጥሩ ነው።

በመጨረሻ ፋይሉ። ከዲዛይነሩ ሁለት ዓይነት ይቀበሉ። አንደኛው ፊደሉ ከርቭ የተደረገበት፣ ማለትም ከፎንት ወደ ተሣለ ቅርጽ የተለወጠበት፣ ቬክተር ነው። እሱን ለታፔላ ሠሪውና ለስቲከር ቆራጩ ይሰጣሉ፤ ፎንቱ ኮምፒውተራቸው ላይ ባይኖርም ቅርጹ አይለወጥም። ሁለተኛው ከርቭ ያልተደረገው፣ ዋጋ ሲቀየር የሚታረመው የሜኑ ፋይል ነው። የተጠቀመባቸውን ፎንቶች ስም በጽሑፍ ያስይዙት። ፉቱራ የሚሸጥ ፎንት ስለሆነ ፈቃዱን ገዝቶ እንደሆነ ይጠይቁት። ካልገዛ ጆስት የፉቱራን ዘመን የጀርመን ፊደሎች ተከትሎ የተሠራ፣ ለንግድም በነፃ የተፈቀደ ነው፤ ለእንግሊዝኛው ስም በእሱ ቢተካው ከመንገድ ላይ የሚያየው ሰው ልዩነቱን አያስተውልም።